ጠረጴዛ አሥራ አራት ተይዟል

ቴሌቪዥን ላይ የወጣሁት ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት እማማ ሎ ቁርሳቸውን ሊበሉ አልመጡም።

እማማ ሎ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጃላን ሰሩኒ የምግብ ገበያ ውስጥ የኑድል መደብ ከያዝኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሳቸው የቀሩት ልጃቸውን የቀበሩ ሳምንት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባለ ጎማ ዘንቢላቸውን እየጎተቱ ይመጡና ጠረጴዛ አሥራ አራት ላይ አንድ የሶፍት ፓኬት አስቀምጠው ጎመን ሊገዙ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ቦታቸው ይጠብቃቸዋል። ሲንጋፖር ውስጥ ሶፍት ያለበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የለም። ሕግ አልወጣለትም፣ ቅጣትም የለውም። ለሁሉም ነገር ቅጣት ባለበት አገር ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚያከብረው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ከዚያ መስኮቴ ጋ መጥተው "እንደ ሁልጊዜዬ" ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ቀጭኑ ኑድል፣ ቃሪያ የሌለው፣ አራት የዓሣ ድብልብል፣ ጥርስ ስለሌላቸው እያንዳንዱ ለሁለት የተከፈለ። ማንበብ አይችሉም፣ ስልክ የላቸውም፣ የሚያወሩት የድሮውን የሰፈራችንን ቋንቋ ብቻ ነው። ያ ቋንቋ ደግሞ ከቴሌቪዥን ላይ ሲነሣ እኔ ልጅ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ገበያችንን የሚያስተዳድረው ቢሮ መስኮቶቻችን ሊዘጉ ነው አለ። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የሚበላ ሰው በር ላይ በቆመ ትልቅ ስክሪን ወይም በስልኩ ያዛል፣ እኛ ከውስጥ እንሠራለን፣ ምግቡ በአንድ የጋራ መውጫ ይወጣል። ዕቃው ከባሕር ማዶ መጣ፤ የሚገጥሙት ልጆችም ከባሕር ማዶ መጡ፤ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለው ያንኑ መደብ ሦስት ጊዜ ለኩት። ሞኝነት ነው አልልም። ትንሽ አገር ነን፣ የሰው እጅ የለንም፣ ልጆቻችን ጭልፋ መያዝ አይፈልጉም። እኔም ጉልበቴ አልቋል፤ ስንት ጊዜ አንዱ "አክስቴ፣ ቅድም ያዘዝኩት የታለ?" እያለ ሲጮህ ጭልፋውን ልወረውርበት ቃጥቶኛል።

ለዚህ ነው ክላሪስ የምትባል ጋዜጠኛ ካሜራ አስይዛ መጥታ ስትጠይቀኝ ልቤ ያለውን በሙሉ የነገርኳት።

"ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ጩኸት ይቀንሳል" አልኩ። ይሄ እውነት ነው። ቀጠልኩና፦ "ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ምን ሊሆን ነው? ስክሪኑን አቁሙት፣ መስኮቴን ግን አትዝጉብኝ። መስኮቴን ከዘጋችሁ ደንበኞቼ ጾማቸውን ያድራሉ" አልኩ።

ሐሙስ የወጣው "ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ጩኸት ይቀንሳል" ብቻ ነው። ከሥሬ ስሜን ጻፉ፦ ኮ ጌክ ሂያንግ፣ የኑድል ሻጭ። ቅዳሜ ደግሞ የቢሮው ሰዎች ፊቴን በሰው ቁመት ልክ አሳትመው ገበያው በር ላይ ለጠፉት፤ ያቺን ግማሽ ንግግሬን በአራቱም የመንግሥት ቋንቋዎች ከሥሩ ደረደሩት።

ከጎኔ የኮኮናት ሩዝ የምትሸጠው ሮስና እየሳቀች መጣች። "የመንግሥት ሙሽራ! አንቺ፣ ጥርስሽን ግን አሳምረውልሻል።"

"ዝም በይ ሮስና።"

"ምን አደረግኩ? እኔ እኮ ነኝ አሁንም የማናግርሽ።"

እውነቷን ነው። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ፊት ነሱኝ። አንዱ በመስኮቴ ሲያልፍ ሌላውን እያየ "ስንት ሰጥተዋት ይሆን?" አለ፤ እንድሰማ ብሎ። ይሄን እችለዋለሁ። ጠረጴዛ አሥራ አራት ባዶውን መዋሉን ግን አልቻልኩትም። አራት ቀን ሙሉ ሶፍት ሳይቀመጥበት ዋለ። ሰው እዚያ አይቀመጥም፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። ክላሪስን እስኪያገናኙኝ በሁለት ቋንቋ ሙዚቃ አሰሙኝ።

"አክስቴ፣ በጣም ይቅርታ" አለች። "ዜናው በጠቅላላ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁሉንም ማስገባት አይቻልም።"

"የቀረው የኔ ንግግር ስንት ነበር?"

ስትፈልግ ቆየች። "አሥራ አንድ ሰከንድ።"

"አሥራ አንድ ሰከንድ አጣችሁልኝ? ለአየር ጠባዩ ግን ጊዜ ነበራችሁ። እዚህ አገር ሁልጊዜ ሞቃት ነው፣ አንዳንዴ ይዘንባል፤ በቃ፣ ምኑ ይነገራል?"

ሳቀች። ሳቋ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ የፓርላማ ተመራጫችን ሕዝቡን ወደሚያነጋግሩበት አዳራሽ ሄድኩ። ቁጥር ተቀበልኩ፣ አርባ አንድ። እዚያ በጎ ፈቃደኞች ተቀምጠው ችግርህን ይሰሙና ደብዳቤ ይጽፉልሃል፤ ተመራጩ ፈርመው ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ይልኩታል። የኛ ተመራጭ ሚስተር ሲያ ናቸው። ሚስተር ሲያ ሚኒስትርም ናቸው። ገበያውን የሚያስተዳድረው ቢሮ ደግሞ የሳቸው ነው። እንግዲህ የኔ ደብዳቤ ከሚስተር ሲያ ተነሥቶ ወደ ሚስተር ሲያ ሊሄድ ነው።

ሲጽፍልኝ የነበረው ጂቫን የሚባል ጸጉሩ የሸበተ ጠበቃ ነው። ጻፈና "ይፈርሙ አክስቴ" አለኝ።

"አንብብልኝ።"

"'የተከበሩ ሆይ፣ አመልካች የገበያውን መዘመን በሙሉ ልብ የሚደግፉ ሲሆን፣ የአረጋውያን ሁኔታ ቢቻል ከግምት እንዲገባ በትሕትና ይማጸናሉ።'"

"እዚህ ውስጥ እኔ የት ነው ያለሁት?"

"አመልካች ማለት እርስዎ ነዎት።"

"አይደለሁም። 'ቢቻል' አላልኩም። 'በሙሉ ልብ' አላልኩም። የተማጸንኩትም ነገር የለም። 'መስኮቴን አትዝጉ' ብለህ ጻፍ።"

"እንዲህ ተብሎ ለመንግሥት ደብዳቤ አይጻፍም አክስቴ። ያስቀይማል።"

"እኔ ኑድል ስሸጥ ሰው ያላዘዘውን ሰጥቼ 'ይሄ ይሻልሃል' እላለሁ? ያዘዝኩትን ስጠኝ።"

ከኋላዬ ያለው ቁጥር አርባ ሁለት "እሷን ጨርሱልን ባካችሁ!" ብሎ ጮኸ። ጂቫን መነጽሩን አወለቀ፤ ወረቀቱን ቀደደ፤ ሁለተኛ ጻፈ። እሱንም አልፈረምኩም፤ አሁንም አንዲት "በትሕትና" ተደብቃበት ነበር። ሦስተኛው ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ ያልኩትን ብቻ ይላል። ፈረምኩ። "በዚህ ወንበር ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አለኝ ጂቫን፤ "ደብዳቤ ሳነብ ሳልሰለች ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሚስተር ሲያ በር ላይ ጨበጡኝ። ደግ ፊት አላቸው። "አክስቴ! በቴሌቪዥን አየሁዎት፤ ኮራንብዎት!" አሉ። አፌን ስከፍት "አርባ ሁለት!" ተባለ።

ለደብዳቤው መልስ ሳይመጣ ሰው መጣ። ሰማያዊ ባጅ ያደረገች የሚኒስትሩ የሚዲያ ሠራተኛ ረቡዕ ቀን መደቤ ጋ ቆማ ስልኳን እያየች ታወራኛለች። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒስትሩ መጥተው ስክሪኑን ይመርቃሉ። ምርጫ እየተቃረበ ነው ይባላል፤ እሷ ያንን አላነሳችም። የፖስተሯ ሴት አጠገባቸው እንድትቆም ይፈለጋል።

"በኋላ ቆርጣችሁ ነው የምታሳዩት?"

"አንድ አማራጭ እሱ ነው። ሌላው በሚኒስትሩ የኢንተርኔት ገጽ በቀጥታ፣ ላይቭ ማስተላለፍ ነው፤ ሕዝቡ ላይቭ ይወዳል።"

"ላይቭ ከሆነ እመጣለሁ። ካልሆነ ፖስተሩን አጠገባቸው አቁሙት፤ እሱም እንደኔ ፈገግ ይላል።"

ተገርማ አየችኝ፤ ጻፈች። ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋት። "አንድ ሰዓት ተኩል" አለች። የእማማ ሎ ሰዓት።

ዕለቱን መደቤን ዘግቼ ወደ እማማ ሎ ቤት ሄድኩ፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ። በብረት በሩ ፍርግርግ በኩል አዩኝ። አልከፈቱም።

"የፖስተሯ ሴትዮ መጣች" አሉ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

"እማማ፣ ግማሹን ቆርጠውት ነው። ያልኩት ሌላ ነው።"

"እኔ ቴሌቪዥኑ የሚለውን መች እሰማዋለሁ? በኔ ቋንቋ አያወራ። የጎረቤቴ ልጅ ተረጎመችልኝ። ጌክ ሂያንግ መስኮቱ ይዘጋ አለች አለችኝ።"

"ይዘጋ ብል እጄን ይቁረጠው።"

"እጅሽን አትቁረጪ፤ ድብልብሉን ማን ይሠራዋል?" አሉ። ፊታቸው ግን አልፈታ አለ። "ስድስት ቀን ብስኩት በውሃ ነው የምበላው። ብስኩቱ ላንቃዬን ቆረጠኝ። ስክሪኑ ፊት ቆሜ አለቅስ ብዬ ነው ያልመጣሁት፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈልግም።"

እንዲህ ሲሉኝ የሚዘጋው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ለቢሮው ጉዳዩ ስክሪን ነው፤ ለእማማ ሎ ግን መስኮቱ ከቤት የሚወጡበት ምክንያት ነው።

"ቅዳሜ በሰዓትዎ ይምጡ" አልኩ። "ሶፍትዎን እንደ ሁልጊዜው ያስቀምጡ። ጎመንዎን ይግዙ። ሌላውን ለኔ ይተዉልኝ።"

"ካፈርኩስ?"

"አብረን እናፍራለን።"

በሩን አልከፈቱም፤ በፍርግርጉ መሐል ግን አንድ ማንዳሪን አቀበሉኝ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ገበያው ታጥቦ አገኘሁት። ለምርቃቱ ሲሉ መስኮቴን በሰሌዳ ዘግተውታል፤ ሰሌዳው ላይ የኔው ፊት ተለጥፏል። መደቤ ውስጥ ሆኜ ከራሴ ፖስተር ጀርባ ውሃ አፈላሁ። በሰሌዳው ጎን ባለች ስንጥቅ ነበር ውጭውን የማየው። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እማማ ሎ መጡ፤ ሶፍታቸውን ጠረጴዛ አሥራ አራት ላይ አስቀመጡ፤ ቀና ብለው ሳያዩ ወደ ጎመኑ ሄዱ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አንድ የዝግጅት ልጅ ጥቁር ፕላስቲክ ይዞ መጣ። ከባሕር ማዶ ዕቃውን ካመጡት አንዱ ነው። ለካሜራ ቆሻሻ መስሎት በየጠረጴዛው የተቀመጠውን ሶፍት ሁሉ እየለቀመ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተተ። እኔ ከሰሌዳው ጀርባ ነኝ፤ "ተው!" ብዬ ብጮህ ድምፄን የውሃ ማፍያው ጩኸት ዋጠው። ሮስና ግን አይታዋለች። ልጁ ፕላስቲኩን ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አስቀምጦ ዞር ሲል አንሥታ ከጠረጴዛዋ ሥር ደበቀችው።

ሚኒስትሩ መጡ። ሕዝቡ ስልኩን አወጣ። ባለ ሰማያዊ ባጅዋ እኔን አውጥታ ስክሪኑ አጠገብ አቆመችኝ። ክላሪስም ካሜራዋን ይዛ ከዳር ቆማለች። ሚኒስትሩ መጀመሪያ ተቀምጠው ሁለት ቃል ይናገራሉ ተባለ፤ ጥሩ ብርሃን ያለው ቦታ ደግሞ ምሰሶው አጠገብ፣ ማራገቢያው ሥር ነው። ተቀመጡ። ጠረጴዛ አሥራ አራት።

"ወገኖቼ" ብለው ጀመሩ፤ "ትንሽ አገር ስንሆን ማንንም ወደ ኋላ ሳንተው..."

እማማ ሎ ከነዘንቢላቸው ከፊታቸው ቆሙ። ጎመኑ ከዘንቢሉ አናት ወጥቷል። ጠረጴዛውን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ።

ባለ ባጅዋ ሮጣ መጣች። "እማማ፣ እዚያ ጋ ሌላ ወንበር አለ..."

እማማ ሎ አልገባቸውም፤ አልተንቀሳቀሱም። አሁን የማልናገር ከሆነ አሥራ አንድ ሰከንዴን ለዘላለም ልጣለው አልኩ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ቦታው ተይዟል።"

ስልኮቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

"ይቅርታ አክስቴ?"

"የተቀመጡበት ቦታ ተይዟል። የሳቸው ነው።"

"ምንም አልተቀመጠበትም እኮ" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ጠረጴዛውንም ዞር ብለው አዩት።

ያኔ ሮስና ጥቁሩን ፕላስቲክ ከፍ አድርጋ ዘረገፈችው። ሃያ ምናምን የሶፍት ፓኬት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። "ይኸውላችሁ! የገበያው ሰው በሙሉ እዚህ ነው ያለው!"

ሳቁ ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጀመረ፤ እስከ ዓሣ ነጋዴዎቹ ደረሰ። "ሶፍቱን አነሡት!" "ኧረ ጉድ፣ ሶፍት ያነሣሉ?" የሚለው ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ሚስተር ሲያ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። እንደ ተማሪ ብድግ አሉ።

"እናቴ ይሄን እያየች ከሆነ ዛሬ ቤት አልገባም" አሉ። ወንበሩን በእጃቸው ጠርገው ለእማማ ሎ ሳቡላቸው። ይሄን አልረሳባቸውም። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ላዝዝላቸው?" አሉ።

"አይ። እሳቸው ራሳቸው በስክሪኑ ይዘዙ። እንደማንኛውም ቀን። እርስዎ አጠገባቸው ይቁሙ።"

እማማ ሎ ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ቋንቋ ምረጥ አላቸው፤ አራት ሣጥን፤ አንዱም የሳቸው አይደለም። ሚኒስትሩ አንዱን ነኩላቸው። የምግብ ሥዕል መጣ። እማማ ሎ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ሊነኩ ሲሉ ስድስት ሳህን የተጠበሰ እንቁራሪት ታዘዘ። ሕዝቡ ፈነዳ። ሚኒስትሩ ሰረዙት። ስልክ ቁጥር ያስገቡ አለ። "የላቸውም" አልኩ። ሚኒስትሩ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የሳቸው ስልክ ረዳታቸው እጅ ነው፤ ረዳታቸው ደግሞ በዚያው ስልክ ላይቩን እየቀረጸ ነው። እስኪተያዩ ድረስ ስክሪኑ ጠፍቶ "እንኳን ደህና መጡ" ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

እማማ ሎ ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ ግን አላለቀሱም። ያንን ሁሉ ካሜራ እንዳላዩ ሆነው በራሳቸው ቋንቋ፣ ጮክ ብለው፣

"ጌክ ሂያንግ! እንደ ሁልጊዜዬ!" አሉ።

ወደ መደቤ ሄድኩ። ሰሌዳውን በሁለት እጄ ያዝኩት። በአራት ቡሎን ነው ያሰሩት፤ እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ድስት ያነሣሁ ሴት ነኝ። የገዛ ፊቴን ጨብጬ አንዴ ሳብኩት፣ ሁለቴ ሳብኩት፣ በሦስተኛው ተገንጥሎ ወጣ። ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት፤ ገብቼ ኑድሉን ነከርኩ፤ ድብልብሉን ለሁለት ለሁለት ከፈልኩ፤ ሳህኑን በመስኮቱ አወጣሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ በመስኮቴ ብቅ ብዬ ወደ ስልኮቹ ሁሉ ተናገርኩ። "ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ጩኸት ይቀንሳል። ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ምን ሊሆን ነው? ስክሪኑን አቁሙት፣ መስኮቴን ግን አትዝጉብኝ። ያልኩት ይሄን ነው። ግማሹን ነበር ያያችሁት።"

ዶሚኖ ተጫዋቹ፣ ያ "ስንት ሰጥተዋት ይሆን" ያለው፣ ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ እየደበደበ "በያቸው! በያቸው!" አለ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ የሳህኑ፣ የጭልፋው፣ የትሪው ድምፅ ገበያውን ሞላው።

ሚኒስትሩ ቆመው ጠበቁ። ጸጥ ሲል መስኮቴ ጋ መጡ፤ ከሦስት ሰው ኋላ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ "አክስቴ፣ ለኔም እንደሳቸው" አሉ።

"ቃሪያ ይጨመር?"

"ዛሬስ በቂ ቃሪያ በልቻለሁ" አሉ።

ላይቩን አርባ ሺህ ሰው አይቶት ነበር፤ እሑድ ማታ ስንት እንደደረሰ ሮስና ቁጥሩን ማንበብ አልቻለችም። ከባሕር ማዶ ጋዜጣ ደውለው ሶፍቱ የምን ምልክት ነው፣ የተቃውሞ ነው ወይ አሉኝ። "ወንበር ነው" አልኳቸው። የገዥው ፓርቲም ሰዎች፣ የተቃዋሚውም ሰዎች እያንዳንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ሶፍት አስቀምጠው ፎቶ ተነሡ፤ እኔ እስከማስታውሰው ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። ሰኞ አንዲት የተቃዋሚ ተመራጭ ፓርላማ ውስጥ ጥያቄ አነሣች። ሚስተር ሲያ ተነሥተው ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። ስክሪኑ ለሚፈልግ ይቆማል፣ የትኛውም መደብ ግን በአፍ የሚታዘዝበት መስኮቱ አይዘጋም አሉ፤ ሐሳቡን ያገኙት ከአንድ ሦስት መስመር ደብዳቤ እንደሆነም ተናገሩ። ጂቫን ደውሎ ይሄን ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

ማክሰኞ ክላሪስ ደወለች። "አክስቴ፣ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥንዎን ይክፈቱ" አለች። ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ቀረጻ ከነቀሪው አሳዩት፤ ሳይቆረጥ። የቀረውን ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ሰከንድ። የዚያን ዕለት የአየር ጠባይ አላሳዩም።

ሰሌዳውን አልመለስኩላቸውም። ገለበጥኩት፤ በጀርባው ላይ ሮስና በትልቁ "በአፍ እዘዙ" ብላ ጻፈችልኝ፤ መስኮቴ አናት ላይ ሰቀልኩት። ፊቴ አሁን ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛ አሥራ አራት ላይ ሁለት የሶፍት ፓኬት አየሁ። አንዱ የእማማ ሎ ነው። ሁለተኛው የማን ነው ብዬ ቀና ስል ሚስተር ሲያ በቁምጣና በነጠላ ጫማ፣ ያለ ካሜራ፣ የእማማ ሎን ዘንቢል እየጎተቱላቸው ከጎመኑ በኩል ይመጣሉ። እማማ ሎ ከሩቅ ጣታቸውን አነሡ፤ ሁለት።

የሁለት ሳህን ኑድል ነከርኩ።